በልክ የተሰፋ ክፍል

ጥልፍ የሚያውቅ ሰው ጨርቅ ሲቀበል መጀመሪያ ይገለብጠዋል። ፊቱ ለሁሉም ነው፤ የሠሪውን እጅ የሚያሳየው ጀርባው ነው። እኔ ዘንድ ከአዲስ አበባ የመጣ የጠረጴዛ ልብስ አለ፤ በነጭ ጨርቅ ላይ በነጭና በወርቃማ ክር የተጠለፈ መስቀል ያለበት። ስንት ጊዜ ገልብጬ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ጀርባው ላይ አንድም ቋጠሮ የለም። ክሩ የጀመረበት ቦታ አይታወቅም፤ ያለቀበትም እንዲሁ። ጫፉ በራሱ ስፌት ሥር ሦስት አራቴ ተሹለክልኮ ተቀብሯል። ከመስቀሉ አንድ ክንድ ወደ ሌላው ሲሻገር እንኳ ክሩ ባዶ ጨርቅ ላይ አልተንጠለጠለም፤ በተጠለፈው ውስጥ ለውስጥ ሄዶ ነው ብቅ ያለው። ጣቴን ሳሳልፍበት የሚይዘኝ ነገር የለም። ነጩ ክር ከነጩ ጨርቅ የሚለየው ብርሃን በአግድም ሲያርፍበት ብቻ ነው፤ ያኔ እያንዳንዷ ስፌት እንደ ጤፍ ቅንጣት ለብቻዋ ትታያለች።

ጨርቁ የመጣው ከዘነበወርቅ፣ ከአለርት ግቢ ነው። በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን አለርትን ብዙ ሰው በሕክምናው ያውቀዋል። የሥጋ ደዌ ያገኛቸው ሰዎች እዚያ እየሸመኑና እየጠለፉ ለገበያ የሚያቀርቡትን ሥራ ደግሞ አንድ ጊዜ ገዝቶ ያየ አይረሳውም። በሽታው ነርቭን ይጎዳል። የእጅ ነርቭ ሲጎዳ ትንሿ ጣትና ቀለበት ጣት ይታጠፋሉ፣ ጣቶቹም ስሜት ያጣሉ። ስሜት ያጣ ጣት መርፌ ሲወጋው አይሰማውም፤ መወጋቱን የሚነግረው ዓይን ብቻ ነው። ጤነኛ እጅ ያለን ሰዎች በግምት የምናደርገውን፣ መርፌውን ከጨርቁ ሥር ዳስሶ ማግኘትን፣ እንዲህ ያለው ሰው በዓይኑ፣ በብርሃንና መሣሪያውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ በማስቀመጥ ነው የሚሠራው። ያ ንጹሕ ጀርባ ሲታየኝ ከጀርባው በትክክል የተዘጋጀ መቀመጫ፣ በትክክል የወደቀ ብርሃን፣ በትክክል የተቀመጠ መቀስ አብሮ ይታየኛል።

ይህን ሁሉ የማስበው ፍራንክፈርት ተቀምጬ ነው፤ የምኖርበትም ሰፈር ጉትሎይትፊርቴል ይባላል። «ጉተ ሎይተ» በጀርመንኛ ደጋግ ሰዎች እንደ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን ይህን ስም ይጠሩበት የነበረው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ነው፤ መኖሪያቸው ጉትሎይትሆፍ ከከተማው ቅጥር ውጭ፣ በማይን ወንዝ ዳር ነበር። ዛሬ በቦታው በሽታውን የሚያስታውስ ነገር አላየሁም፤ ስሙ ግን በመንገዱም በሰፈሩም ላይ ቀርቷል። አንድ የዘነበወርቅ ጥልፍ ከሌላ የሥጋ ደዌ ሰፈር ጠረጴዛ ላይ ማረፉን ሳስብ ጨርቁን በጥንቃቄ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ።

ሰፈሩ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል የዋናው ባቡር ጣቢያ ሐዲድ፣ በሌላው በኩል ማይን ወንዝና የድሮው የምዕራብ ወደብ ይዘውታል። ወደቡ ዳር የቆመው ክብ ፎቅ ከታች እስከ ላይ በሦስት ማዕዘን መስተዋት የተለበጠ ነው። የፍራንክፈርት ሰዎች የፖም ወይን የሚጠጡበትን ባለ ቅርጽ ብርጭቆ ስለሚመስላቸው በብርጭቆው ስም ይጠሩታል። ለእኔ ግን ሁልጊዜ መሶብ ነው። በእኛ ቋንቋ መሶቡም ቀሚሱም የሚሠራው በአንድ ቃል፣ ስፌት በሚለው፣ መሆኑ እዚያ ሕንፃ ሥር ሳልፍ ትዝ ይለኛል።

የምሰፋበት ክፍል ወርዱ ሁለት ሜትር፣ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቤቱን ስከራየው «ግማሽ ክፍል» ብለው ነው ያስረከቡኝ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ አንድ፣ በሩ ደግሞ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር። መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፤ የስፌት መኪናውን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ፣ የቀረውን ባዶ በተገኘው ቦታ ሁሉ ከተትኩ። ካውያው ወጥ ቤት ቀረ። መቁረጫዬ የሳሎኑ ወለል ሆነ። ክሩ በአንድ ትልቅ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ተደባልቆ ነበር፤ ነጭ ክር ስፈልግ ቀይና አረንጓዴው እየተጠላለፈ አብሮ ይወጣ ነበር።

በዚያ ዓመት ለፋሲካ የሰፋሁትን ቀሚስ መቼም አልረሳውም። ጥለቱን ከሸማው ጋር ሳጋጥም ስፌቱን መተኮስ ነበረብኝ። ወጥ ቤት ድረስ መመላለሱ ስለታከተኝ «በኋላ አንድ ላይ እተኩሰዋለሁ» ብዬ ዘለልኩት። ያልተተኮሰ ስፌት ላይ ሌላ ስፌት ሲደረብ ጨርቁ ይሸበሸባል፤ ተሸብሽቦ ከተሰፋ በኋላ ካውያ አያቃናውም። ጥለቱ ወገቡ ላይ እንደ ተኮማተረ ከንፈር ሆኖ ቀረ። ሸማ ደግሞ ፈትተው እንደገና የሚሰፉት ጨርቅ አይደለም፤ ማጉ የእጅ ፈትል ስለሆነ መርፌ የበሳው ቦታ ይታወቃል። ለሚቀጥለው ቀሚስ ከመኪናው እስከ ካውያው ስንት ጊዜ እንደምሄድ ቆጠርኩ። ከአርባ አለፈ። በእያንዳንዱ ምልልስ መሄጃው ብቻ አሥራ አንድ እርምጃ ነበር።

እርምጃ መቁጠሬን ለአንዲት ጀርመናዊት የሥራ ባልደረባዬ ስነግራት «አንቺ ሳታውቂው የፍራንክፈርትን ወጥ ቤት ነው የምትሠሪው» አለችኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያን ወጥ ቤት ለማየት ከሀውፕትቫኸ ጣቢያ በኡ1 ባቡር ተሳፍሬ ሮመርሽታት ሄድኩ።

ሮመርሽታት በ1920ዎቹ መጨረሻ ከተሠሩት የፍራንክፈርት የሠራተኛ መንደሮች አንዱ ነው። ያኔ የከተማዋ ሹም አርክቴክት ኤርንስት ማይ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤት ለጠፋበት ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን አሠራ። ለቤቶቹ ወጥ ቤት እንድትነድፍ ከቪየና በ1926 ያስመጣት አርክቴክቷን ማርጋሬተ ሊሆትስኪን ነበር፤ በኋላ ስታገባ ሹተ-ሊሆትስኪ ሆናለች። በ1897 ተወልዳ በ2000፣ መቶ ሦስት ዓመት ሊሞላት አምስት ቀን ሲቀራት ነው ያረፈችው። በመካከሉ ናዚዎችን በመቃወሟ በ1941 ቪየና ውስጥ ተይዛ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ታስራለች። ያቺን ወጥ ቤት እስከ ሠራችበት ጊዜ ድረስ ቤት አስተዳድራ፣ ወጥ ሠርታ እንደማታውቅ ራሷ ተናግራለች። መጀመሪያ ይህን ስሰማ ቅር ብሎኝ ነበር። ሥራውን ካየሁ በኋላ ግን እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ እንዳደረገችው ገባኝ። ልብስ ሰፊ የሚሰፋውን ቀሚስ አይለብሰውም፤ የምትለብሰውን ሰው ግን አስቁሞ ይለካታል። እሷም እንዲሁ ለካች። ሰዓት ይዛ አንድ ሥራ የሚወስደውን ደቂቃ፣ ከምድጃው እስከ ጠረጴዛው ያለውን እርምጃ ቆጠረች። አብነት ያደረገችው የባቡር የምግብ ፉርጎን ወጥ ቤት ነበር፤ በዚያች ጠባብ ቦታ ሰዎች ለብዙ ተሳፋሪ የሚያበስሉበትን።

በኢም ቡርግፌልድ ጎዳና የሚገኘው የኤርንስት ማይ ቤት ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ወጥ ቤቱ እንደ ጥንቱ ታድሶ ይታያል። ወርዱ 1 ሜትር ከ90፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ44 ገደማ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ሳየው ልቤ ደነገጠ፤ የእኔው ግማሽ ክፍል ነበር። ልዩነቱ፣ እዚያ ሁሉም ነገር በቦታው መሆኑ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የያዙኝ የአሉሚኒየም መሳቢያዎቹ ናቸው። የሠራቸው ድርጅት ስሙ ሃረር ነው፤ ስሙን ሳነብ የምሥራቋን ከተማችንን አስታወሰኝ። እያንዳንዱ መሳቢያ እንደ ትንሽ ጀልባ ነው። ከፊቱ መያዣ አለው፤ በላዩም ሩዝ፣ ስኳር፣ ቡና እያለ ስሙ በብረቱ ላይ ተቀርጿል። ከኋላ በኩል ደግሞ እየጠበበ ሄዶ እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ይሆናል። መሳቢያውን ስቦ አውጥቶ እዚያው ድስቱ ላይ ዘንበል ማድረግ ነው፤ ማንኪያም፣ ሌላ ዕቃም አያስፈልግም። ማስቀመጫውም መቅጃውም አንድ ዕቃ ነው። የዱቄቱ መሳቢያ ግን አሉሚኒየም አይደለም፤ ባሉጥ እንጨት ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው መራራ ነገር ነቀዝን ያርቃል። የመክተፊያው ገጽ ከሌላ እንጨት፣ ቢላዋ ከማይበላውና ቆሻሻ ከማይሰርግበት፣ ተሠርቷል። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ልጣጩን በእጅ ጠረግ አድርጎ ወደ ታች የሚጥሉበት ክፍተት አለ። ከመስኮቱ ሥር የሚሽከረከር፣ ከፍ ዝቅ የሚል ዱካ ቆሟል። መብራቱ ጣሪያው ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ይንሸራተታል፤ ሥራው ወዳለበት ይሄዳል። ቀለሙ ሰማያዊ ነው፤ ዝንብ ሰማያዊ ቀለም ይሸሻል ተብሎ በዘመኑ ይታመን ነበርና። ግድግዳው ላይ ደግሞ ወደ ላይ ታጥፎ የሚያርፍ ጠባብ ሳንቃ አለ። የካውያ ሳንቃ ነው።

እዚያ ሳንቃ ፊት ረጅም ጊዜ ቆምኩ። ሴትየዋ መተኮሻውን ከሥራው ቦታ አላራቀችውም፤ ዱካው ላይ ዞር ሲሉ ይደረሳል። እንዲህ ያለ ወጥ ቤት ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ገብቶ ነበር፤ ከዚያ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አሮጌ ነው እየተባለ ብዙው ተነቅሎ ተጣለ። ከተረፉት አንዱን የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም በ2009 ገዝቷል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሌን በልክ መስፋት ጀመርኩ።

መጀመሪያ በሩን ነቀልኩና ምድር ቤት አስቀመጥኩት፤ በጀርመን ኪራይ ቤት ሲወጡ እንደነበረ መመለስ ግዴታ ነው። በምትኩ መጋረጃ ሆነ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ለካ አንድ ሜትር ወለል ይበላ ነበር። መኪናውን መስኮቱ ሥር ተውኩት፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ በጎን አዞርኩት። ከቀኜ፣ ክንዴን ስዘረጋ በሚደርስበት፣ ከግድግዳው የሚታጠፍ የካውያ ሳንቃ ገባ። ከፍታው ቁጭ ብዬ የምተኩስበት ነው። አሁን ስፌት ሰፍቼ፣ ዱካውን አዙሬ፣ ተኩሼ፣ መልሼ እዞራለሁ። አሥራ አንዱ እርምጃ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ «በኋላ እተኩሰዋለሁ» ያልኩበት ቀን የለም። መተኮሱ ቀላል ሲሆን እጅ ራሱ ሳይታዘዝ ያደርገዋል።

መቁረጫው ያስቸገረኝ ነበር። ቀሚስ ለመቁረጥ ቢያንስ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ገጽ ያስፈልጋል፤ ወለል ላይ መንበርከክ ወገብን ይገድላል፣ ጨርቁም አይቃናም። መፍትሔው ረጅሙ ግድግዳ ላይ በማጠፊያ የተያዘ ሳንቃ ሆነ። ቁመቱ ከወለሉ 90 ሳንቲሜትር ነው፤ ቆሜ ስቆርጥ ወገቤ ሳይጎብጥ መቀሱ የታችኛውን ምላጭ ሳንቃው ላይ አሳርፎ ይሄዳል። ጠርዙ ላይ ሜትር ለጠፍኩበት። መጀመሪያ የለጠፍኩት ከርካሽ ሱቅ የገዛሁት ነበር፤ ከሌላው ሜትሬ ጋር ሳስተያየው ግማሽ ሳንቲሜትር ይበልጣል። ወዲያው አንስቼ ጣልኩት። ግማሽ ሳንቲሜትር በአንድ ስፌት አይታወቅም፤ ስምንት ቅጥያ ያለው ቀሚስ ላይ ግን አራት ሳንቲሜትር ነው፤ ወገብ ላይ አራት ሳንቲሜትር የሌላ ሰው ልብስ ነው።

መሳቢያዎቹን ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ሰበሰብኩ። የሃረርን ጀልባዎች መግዛት አቅሜ አልነበረም፤ ሐሳባቸውን ግን ወሰድኩ። ቁልፍ የምይዝበት እያንዳንዱ መሳቢያ ከኋላው ጠበብ ያለ ነው፤ ስቤ አውጥቼ መዳፌ ላይ ዘንበል አደርገዋለሁ። ክር ከእይታ ውጭ፣ በጨለማ ነው የሚቀመጠው። ግድግዳ ላይ በእንጨት ችንካር የተደረደረ ባለ ቀለም ክር ለዓይን ያምራል፤ ፀሐይና አቧራ ግን ያደክሙታል፤ የደከመ ክር ደግሞ በመኪና ፍጥነት ይበጠሳል። ክሮቼን በቀለም አልለየኋቸውም፤ በሥራ ለየኋቸው። የመኪና ክር፣ የጥልፍ ክር፣ የእጅ ስፌት ክር፣ ወርቃማው። በቀለሙ ምክንያት ለብቻው መሳቢያ የተሰጠው ነጭ ብቻ ነው።

ነጭ ነጭ የሚመስለው ሸማ ላልሰፋ ሰው ነው። በዚያ መሳቢያ ስድስት ዓይነት ነጭ አለ። ሰማያዊ የሚነካው የፋብሪካ ነጭ አለ፣ ወተት አለ፣ እንደ ጥጥ ፍሬው የሞቀ አለ። የእጅ ፈትል ያለው ሸማ ላይ ያ ሰማያዊ ነጭ ሲገባ እንደ ኖራ መስመር ተለይቶ ይታያል። ስለዚህ ክሩን ከጥቅልሉ ላይ አይቼ አልመርጥም፤ አንድ ስንዝር መዝዤ ጨርቁ ላይ በነጠላው አጋድመዋለሁ፣ መስኮቱ ዳር ወስጄ አየዋለሁ፣ ከዚያ መብራት ሥር እንደገና አየዋለሁ። የጠፋው ክር ነው ትክክለኛው። እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ የክረምቱን ሥራ የሚሸከመው መብራት ነው። ሹተ-ሊሆትስኪን አመስግኜ እኔም ጣሪያው ላይ ሐዲድ ዘርግቻለሁ። መብራቱ ከመቁረጫው ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ካውያው አብሮኝ ይሄዳል። ለጥልፍ ሥራ ደግሞ ዝቅ አድርጌ በአግድም አስመታዋለሁ፤ ያቺ የዘነበወርቅ ጨርቅ ያስተማረችኝ ይህን ነው።

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። ፕፋፍ ነው፤ ከባድ ብረት፣ ያገለገለ። ካይዘርስላውተርን ከተማ ውስጥ በ1862 የመጀመሪያውን መኪና የሠራው ጊዮርግ ሚሻኤል ፕፋፍ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር፤ ያ መኪና የተሠራውም ጫማ ለመስፋት ነው። የእኔው ሸማ የሚወድበት ምክንያት ከመርፌው በስተኋላ የምትወርድ አንዲት ትንሽ እግር ናት። በመደበኛ መኪና ጨርቁን የሚስበው ከታች ያለው ጥርስ ብቻ ነው፤ የታችኛው ጨርቅ ሲሄድ የላይኛው ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሜትር ያህል ከሰፉ በኋላ ጫፍና ጫፍ አይገጥምም። ሳሳ ባለ ሸማ ላይ ይህ በዓይን ይታያል። ያቺ እግር ከላይ ሆና ከጥርሱ ጋር እኩል ትረግጣለች፤ ሁለቱ ጨርቆች እንደ ባልና ሚስት እኩል ይገባሉ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት በቁራጭ ጨርቅ ላይ እሞክራለሁ። የላዩና የታቹ ክር የሚያያዙባት ቋጠሮ በጨርቁ ውፍረት መሀል መቀበር አለባት። ከላይ ከታየች የላዩ ክር ጠብቋል፣ ከታች ከታየች ላልቷል። ሁለቱም ገጽ አንድ ሲመስል ብቻ ነው ዋናውን ጨርቅ የማስገባው።

መርፌዎቹ በቁጥር የተለያዩ ናቸው፤ ቁጥሩ የመርፌው ውፍረት በሚሊሜትር መቶኛ ነው። 70 ማለት 0.7 ሚሊሜትር ነው፤ ለሳሳ ሸማ እሱን አደርጋለሁ። 90 ለጂንስ ይሆናል፤ ሸማ ላይ ከገባ ግን ሰፊ ቀዳዳ ይተዋል። ለወርቃማ ክር ዓይኑ ሰፋ ያለ መርፌ አለ፤ በጠባቡ ዓይን ሲያልፍ የክሩ ወርቅ ይላጣል። መርፌ ስምንት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ይቀየራል። መደነዙ በዓይን ባይታይም በጆሮ ይሰማል፤ ጨርቁን ሲበሳ ጡብ ጡብ የሚል ድምፅ ያመጣል።

መቀሶቹ ሁለት ናቸው። የጨርቁ መቀስ መያዣ ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሯል፤ ቤቴ የሚገቡ ሕፃናት ሳይቀሩ ወረቀት እንደማይቆረጥበት ያውቃሉ። ስፒሎቹን ማግኔት ባለበት ሳህን ከመኪናው በስተግራ አስቀምጣለሁ፤ ከጨርቁ ነቅዬ ሳላይ ብወረውራቸው ሳህኑ ይቀበላቸዋል። የተቆረጠው ክር በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ በተንጠለጠለ ከረጢት ይወድቃል፤ የልጣጩን ክፍተት ሐሳብ እዚህ ላይ ነው ያዋልኩት። እራፊ አይጣልም። የሸማ እራፊ ለብቻ፣ የጥለት ቁራጭ ለብቻ ይቀመጣል፤ ከሁለት ጣት የሰፋ ጥለት የሕፃን ቀሚስ አንገትጌ ይሆናል።

ከዚያ ወጥ ቤት ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ለአንድ ሰው ብቻ ነው የተሰፋው። ሁለተኛ ሰው ቢገባ መተላለፊያ የለም፤ ሴቲቱ ሰማያዊ ግድግዳ ውስጥ ብቻዋን ትቆማለች። በዘመኑም በኋላም ይህ ወቀሳ ደርሶበታል፤ ልክ ነው እላለሁ። እኛ ዘንድ ስፌት የብቻ ሥራ ሆኖ አያውቅም። አዲስ አበባ በረንዳው ላይ ሲንጀሩን የሚረግጠው ልብስ ሰፊ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተቀምጦ ያወራዋል። ጥልፍ የሚጠልፉ ሴቶች ቡና ሲፈላ ነው መርፌያቸው የሚፈጥነው። ስለዚህ ከመቁረጫው ሳንቃ ሥር አንድ ዱካ ሸሽጌአለሁ። ሳንቃው ሲታጠፍ ዱካው ይወጣል፤ መስተዋቱም ከሳንቃው ጀርባ ነው፤ ሲታጠፍ ይገለጣል። ያኔ ክፍሉ መለኪያ ይሆናል፤ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ለመዞር የሚበቃው ቦታ ይከፈታል። ለሲኒውም ከመኪናው ርቃ፣ ከክርን በታች የሆነች መደርደሪያ አበጅቻለሁ። ቡና ሸማ ላይ ከፈሰሰ ምንም አያወጣውም።

ባለፈው ጥምቀት ሰሞን የምናከብራቸው አንዲት እናት ቀሚሳቸውን ይዘው መጡ፤ ዘርፉ ተተልትሎ ነበር። ቀምቅሜ ጥለቱን እንደገና አያያዝኩና አሳየኋቸው። ፊቱን አላዩትም።

«ልጄ፣ ጀርባውን ልየው» አሉኝ።

ገልብጬ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጨርቁን አፍንጫቸው ድረስ አቅርበው፣ ስፌቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣታቸው ሄዱበት። መብራቱን በሐዲዱ ወደ እሳቸው ሳብኩላቸው። አውራ ጣታቸው ከጥለቱ መጋጠሚያ ላይ ቆመ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

የጤፍ ቅንጣት የምታህል የክር ጫፍ ነበረች፤ ከስፌቱ ሥር አልፋ የወጣች። እኔ አላየኋትም፤ እሳቸው በዳሰሳ አገኟት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ፣ አሁን እቀብራታለሁ።»

«ቀስ ብለሽ። እኔ እንደሆነ ቡናዬን አልጨረስኩም።»

ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ነበር። በዚህ አገር ከዚያ ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጎረቤትን በድምፅ አለመረበሽ ደንብ ነው፤ መኪናዬ ሥር ወፍራም የሱፍ ምንጣፍ ባነጥፍም ያን ሰዓት አልነካትም። የእጅ መርፌ አወጣሁ። ቀጭኑን፣ ረጅሙን። የመርፌውን ዓይን ከቅንጣቷ አጠገብ አስገብቼ ክሩን አጠለቅኩባት፤ ጫፏ አጭር ስለነበረች ሦስት ጊዜ አመለጠችኝ። በአራተኛው ያዝኳት። በስፌቱ ሥር አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሳለፍኳትና ጎተት አደረግኩ። ጨርቁን መልሼ ሰጠኋቸው። አውራ ጣታቸውን እዚያው ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱት፤ አልያዛቸውም። ቀሚሱን ወደ ፊቱ ገለበጡትና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥለቱን ማየት ጀመሩ።